ቀለበት ያሰሩ ድምፆች

የከተማችንን ስም አልናገርም። ለማያውቃት ቢነግሩት አይጠቅመውም፤ የሚያውቃት ደግሞ ጥቂት እንደሰማ ራሱ ይደርስባታል። የምተርክላችሁ እዚያ ስለኖረች አንጓች ስለምትባል ሴት ነው። የእኛና የእሷ ቤት አጥር ለአጥር ስለነበር ግማሹን በዓይኔ አይቻለሁ። የቀረውን እሷው ነግራኛለች፤ እሷ ደግሞ ነገር የምታስጌጥ ሴት አይደለችም።

አንጓች የከተማው ጠሪ ነበረች። በእኛ አገር ጠሪ ማለት ከገበያው በላይ ካለው ጉብታ ላይ ቆሞ ሕዝቡ ማወቅ ያለበትን ሁሉ በድምፁ የሚያሰማ ሰው ነው። ማን እንደሞተ፣ የማን ላም እንደጠፋች፣ ገበያው ወደ የትኛው ቀን እንደዞረ ሁሉ የሚሰማው ከእሷ ነበር። ድምጿ ወንዙን ተሻግሮ ይሰማል። ባሏ ደምመላሽ በሕይወት ሳለ፣ "ስትቆጪኝ እንኳ ቀስ በይ፤ የማዶ ሰው ሊያስታርቀን ይመጣል" እያለ ይቀልድባት ነበር።

ሌላም ልማድ አለን። አንድ ሰው ሊሞት ሲቃረብ ድምፅ ለቃሚ ይጠራል። ድምፅ ለቃሚው ቴፑን ይዞ መጥቶ አልጋው አጠገብ ይቀመጣል፤ በሽተኛው ያሻውን ይናገራል፤ ካሴቱም ለቤተሰቡ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ በየቀኑ ከምሳ በኋላ፣ ፀሐይ አዘቅዘቅ ስትል፣ ተቀምጦ የሞተበትን ሰው ያዳምጣል። ይህች ሰዓት መስሚያ ትባላለች። በመስሚያ ሰዓት ሰው ቤት አይኬድም።

የደምመላሽ ካሴት አጭር ነው። የአጥሩ በር ማጠፊያ ዘይት እንደሚፈልግ ይናገራል። ቀዩ በሬ ከክረምት በፊት ቢሸጥ ይሻላል ይላል። ሁለት ጊዜ ያስላል፣ ከዚያ "እንግዲህ ይብቃኝ" ብሎ ያበቃል። የአንጓችን ስም አንድም ቦታ አይጠራም። እንግዳ ፊት ሚስቱን በስሟ መጥራት የሚያፍር ሰው ነበር፤ ይህን እሷም ታውቃለች። ሆኖም በየቀኑ ስታዳምጥ ከ"ይብቃኝ" በኋላ ያለውን ባዶ ሽርታ እስከ ካሴቱ ጫፍ ሳትሰማ አትነሳም ነበር። አፍሮ ሲያበቃ፣ ድምፅ ለቃሚው ዕቃውን ሲሰበስብ፣ ምናልባት ቀስ ብሎ ጠርቷት እንደሆነስ?

ከእሷ ጋር የባሏ ታናሽ ወንድም ይነሱ ይኖር ነበር። በአህያ ጭነት እያመላለሰ የሚያድር፣ ያላየውን አላየሁም የሚል ሰው ነው። መልኩ ወንድሙን አይመስልም። ድምፁ ግን ቁርጥ እሱን ነው። በር ላይ ቆሞ ሲጣራ አንጓች ስንት ጊዜ ደንግጣ ተነስታለች።

ሊቀ ድምፅ አውላቸው የሚባለው ሰው ከተማችን የገባው በበጋ ነው። ከየት እንደመጣ አልተናገረም። ሲናገር ድምፁን በጣም ዝቅ ስለሚያደርግ ሰዎች ወደ እሱ ጠጋ ይላሉ፤ ጠጋ ያለ ሰው ደግሞ ያምናል። ይዞ የመጣው የመዳብ ቀለበት ነበር። ለጣት አይደለም፤ የቴፑ ሽቦ ላይ የሚታሰር ነው። "ድምፅ በሽቦ ሲሄድ እንደ ወንዝ ውሃ ይደፈርሳል" አለ። "ይህ ቀለበት ያጠራዋል። ካሴታችሁ ውስጥ ያለውን ግማሹን እንኳ ገና አልሰማችሁም።"

መጀመሪያ ያሰረው የጆሮ ሹሙ አቶ ጓንጉል ነው። የጆሮ ሹም ማለት ሁለት ሰዎች "ብለሃል"፣ "አላልኩም" ተባብለው ሲካሰሱ የሚፈርደው ሹማችን ነው፤ ስለዚህ የእሱ ጆሮ የሰማው ተሰማ ይባላል። አቶ ጓንጉል የእናቱን ካሴት በቀለበቱ አዳምጦ ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል። "ከእናቴ ኋላ ድስት ሲንተከተክ ሰማሁ" አለ። "ሃያ ዓመት ስሰማት ድስቱን አልሰማሁትም ነበር።"

ከዚያ በኋላ ሁሉም ሰማ። አንዱ የአባቱን ትንፋሽ፣ አንዷ የእህቷን ቀሚስ ኮሽታ፣ ሌላው በመስኮት የገባ የንብ ድምፅ ሰማ። ሠርግ ሳይኖር ከተማው በሙሉ ቀለበት አሰረ።

አንጓችም አሰረች። ያን ቀን ጉልበቷን አቅፋ ቴፑ አጠገብ ተቀመጠች። የበሩን ማጠፊያ ሰማች፤ ቀዩን በሬ ሰማች፤ ሳሉን ሰማች። ከዚያ ሽርታው መጣ፣ ካሴቱም አለቀ። ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም። ቀለበቱን ፈትታ መልሳ አሰረችው፤ እንደገና አዳመጠች። ያው ነው።

በማግስቱ እናቴ በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ "አንጓችዬ፣ እንዴት ነው? ለውጥ አለው?" ብላ ጠየቀቻት።

"እንዴ፣ ይሄማ ምን ይጠየቃል" አለች አንጓች።

ይነሱ አህያውን እየጫነ ይሰማ ነበር። እናቴ ዞር ስትል፣ "እትዬ፣ ምን ሰማሽ?" አላት።

"ትንፋሹን።"

"ትንፋሹማ ድሮም ነበረ።"

"አሁን ጠርቷል" አለችና ወደ ቤት ገባች።

የማይሰማቸው ሌሎች ሰዎችም እንደነበሩ አሁን ሳስበው ይገባኛል። ያኔ ግን ማንም አይናገርም። የማይሰማው ሰው ወደ አውላቸው በጓሮ በር ይሄዳል፤ አውላቸውም አያሳፍረውም። ለአንዱ ቀለበቱ ገና ጥሬ ነው፣ ሽቦው ላይ ይብሰል ይለዋል። ለአንዱ ፊቱን አዙረህ አስረኸዋል ይለዋል። ለአንጓች ደግሞ እጇን በሁለት እጁ ይዞ፣ "ጆሮሽ ለዓመታት ጮክ ያለ ነገር ለምዷል፤ ጠሪ አይደለሽ? ታገሺው" አላት። እሷም ታገሠች።

ይነሱ ግን አልታገሠም። ከመጋቢት ገበያ በኋላ ሽማግሌዎቹ በተሰበሰቡበት ተነስቶ፣ "መጋረጃ ይጋረድ" አለ። "ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ሰው ቀለበቱን ያስር ይፍታ። እናንተ ሳታዩ ታስሯል፣ አልታሰረም በሉ። ከለያችሁ እኔ አፌን እዘጋለሁ።"

አቶ ጓንጉል ሳቀ። ሳቁ የሚሰማ ሰው ሳቅ ነበር። "ይጋረድ" አለ።

ከመጋረጃው ጀርባ የምትቀመጠው የከተማው አዋላጅ እንድትሆን ሁሉም ተስማማ፤ ማንንም የማታዳላ፣ ሁላችንንም ራቁታችንን ያየች አሮጊት ናት። የተመረጠው ካሴት የአቶ ጓንጉል እናት ነው። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ቴፑ ተከፈተ፤ የሹሙ እናት ስለ ሽንብራ መናገር ጀመሩ። የታሰረ የመሰለው እጁን ያወጣል።

እጆች ወጡ። አንጓችም አብራ አወጣች። አዋላጇ መጋረጃውን ገለጥ አደረገች። ቀለበቱ አልታሰረም።

ደግመው ሞከሩ። አሁን ጥቂቶች ብቻ እጃቸውን አወጡ፤ ድስቱ ጠፍቷል ተባለ። መጋረጃው ሲገለጥ ቀለበቱ ታስሯል። እንዲህ እያለ ቀጠለ። አንዳንዴ ልክ ይሆኑ ነበር፣ አንዳንዴ አይሆኑም፤ ሳንቲም ቢወረውሩ የሚያገኙትን ያህል አገኙ። በመጨረሻ ሊቀ ድምፅ አውላቸው ራሱ እንዲሞክር ይነሱ ጠየቀ። አውላቸው ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ብዙ አዳመጠ። "አሁን ታስሯል" አለ በዚያ ዝቅተኛ ድምፁ። "ጣሪያው ከፍ አለ፤ የቤቱ ግድግዳ ሁሉ ይሰማኛል።"

አዋላጇ መጋረጃውን ሳበችው። ቀለበቱን አውራ ጣቷ ላይ አጥልቃዋለች።

ይነሱ ማሸነፉን አይቶ ሊቀመጥ ሲል ነው አቶ ጓንጉል የተነሳው።

"ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ አባቶቻችን" አለ። "ባዳ ደግሞ ሲፈትኑት ያፍራል። ዛሬ ያየነው የጆሮን ይሉኝታ ነው።"

"ሌላም ነገር አለ" አለ አውላቸው። "መካከል ላይ ዶሮ ጮኸ። ሰምታችኋል?"

ሁሉም ሰምቷል። ይነሱ እንኳ ሰምቷል።

"እንግዲህ ይኸው" አለ አውላቸው። "ቀለበቱ ሥራውን ሠርቷል። ያልጠራው ከተማው ነው።"

ጸጥታ አስከባሪዎቻችን እስከዚያ ቀን ድረስ ሌባ ሲይዙ፣ ሰካራም ሲያስታርቁ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ስማቸው ወደ ፍቺው ተመለሰ፤ ጸጥታን ማስከበር ጀመሩ። በመጀመሪያ አውራ ዶሮዎች ታረዱ። ቀጥሎ ውሾች ከወንዙ ማዶ ተወሰዱ። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል በቡትቶ ተጠቀለለ። አንጥረኛው በእንጨት መዶሻ እንዲሠራ ታዘዘ፤ ሞከረና ተወው። ጡት የሚጠባ ልጅ ያላቸው እናቶች በመስሚያ ሰዓት ወደ ጫካው ዳር ይወጣሉ። ሰዉ ጫማው ሥር ጨርቅ ሰፋ። አንጓችም ከጉብታዋ አልወረደችም፤ መጣራት ግን ተከለከለች። ለሞት ነጭ፣ ለጠፋ ከብት ቀይ፣ ለገበያ አረንጓዴ ጨርቅ እንድታውለበልብ ተሰጣት። እዚያ ላይ ቆማ ጨርቅ ስታወዛውዝ፣ ከታች ደግሞ ሰዎች ያለ ኮቴ ሲመላለሱ ከሩቅ ያየ መንገደኛ አንድ ቀን ከተማው ሳይገባ ተመልሷል።

ከዚያ ወፎቹ ጠፉ። እነሱን ማንም አላባረራቸውም። ለምን እንደሄዱ አላውቅም፤ በበኩሌ ከሁሉም ያስፈራኝ ይሄ ነው። ከሰዓት በኋላ መንገዱ ላይ አቧራ እንኳ ሲነሳ ድምፅ አልነበረውም። ሰው በገዛ ቤቱ ውስጥ ምራቁን ሲውጥ ይሰማል። ከላይ ከሜዳው በኩል ነፋስ ሲወርድ የጣሪያ ሣር አንድ በአንድ ሲላተም ይሰማ ነበር።

የይነሱ አህያ ግን ታናፋለች። ሦስት ጊዜ አስጠነቀቁት፤ አህያ ማስጠንቀቂያ አታውቅም። ከከተማው እንድትወጣ ተፈረደባት። ይነሱ ወስዶ ከከተማው በላይ ያለው ሜዳ ላይ አሰራት። እዚያ አያቶቻችን እህል የሚቀብሩባቸው የድሮ ጉድጓዶች አሉ፤ አፋቸው ጠባብ ነው፣ ሆዳቸው ሰፊ፣ ክዳናቸው እንጨትና አፈር ነው። ከእኛ ጊዜ ወዲህ እህል የሚቀብር የለም። ይነሱ በየጠዋቱ ውሃና ገለባ ተሸክሞ ይወጣል፤ ወደ ማታ ይመለሳል።

አንድ ጠዋት ገለባውን እያሰረ፣ "እትዬ፣ እኔ ሰልችቶኛል" አላት። "አህያዬን ይዤ ቆላ እወርዳለሁ። እዚያ ሰው ይጮኻል ይባላል።"

"ቀስ በል፤ ይሰሙሃል" አለችው።

አያትና ወጣ። ማታ አልተመለሰም። አንጓች እራቱን ከድና አስቀመጠች። በማግስቱም አልመጣም። "ሄደ እንግዲህ" አለች ለራሷ። "ሳይሰናበተኝ ሄደ።" ለእናቴም እንደዚያው ነገረቻት።

በዚያው ቀን በመስሚያ ሰዓት የደምመላሽን ካሴት ከፈተች። ልማድ ሆኖባት እንጂ ከቀለበቱ ምንም አልጠበቀችም። ማጠፊያው አለፈ፤ በሬው አለፈ፤ ሳሉ አለፈ። "እንግዲህ ይብቃኝ" አለ። ሽርታው ጀመረ። ከሽርታው ወዲያ፣ በጣም ከሩቅ፣ የባሏ ድምፅ፣

"አንጓች" አለ።

አልተነሳችም፤ አልጮኸችም። ካሴቱ እስኪያልቅ ስሟን ደጋግሞ ጠራት፤ አንዳንዴ ግማሹ ይጠፋል፣ "…ጓች" ብቻ ይቀራል። መልሳ አጠንጥና አጫወተችው። አሁንም ጠራት፤ ያውም ስለ በሬው እየተናገረ ሳለ፣ ከራሱ ንግግር ኋላ ሆኖ። ይህ ለምን እንደሆነ አልጠየቀችም። ያን ሁሉ ዓመት የጠበቀችው ነገር መጥቶ፣ በየት በኩል መጣህ ይባላል? ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። የባሏ ካሴት አጠገብ እንደዚያ ደስ ብሏት አታውቅም።

ሲመሽ ወደ አቶ ጓንጉል ሄደች። ደጁ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ሁሉም በሹክሹክታ ያወራል። ሁሉም ሰምቷል። አንዱ አባቴ ጠራኝ ይላል፤ አንዷ ልጄ "እማ" አለኝ ትላለች። አቶ ጓንጉል የሚሆነውን አጥቶ እጁን እያፋተገ ይመላለሳል።

"ጸጥታው አፈራ" አላት ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብሎ። "አሁን የሚያወሩልን አይደሉም፤ የሚጠሩን ናቸው።"

አንጓች አውላቸውን ልታመሰግነው ፈለገች። ጥግ ላይ ቆሟል። ሰዉ የሰማውን ሲነግረው ፊቱ አመድ መሰለ። "ምን ብሎ ጠራሽ?" አላት። ነገረችው። ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ሸሸ። በማግስቱ ጠዋት ቀለበት ሊገዙ የሄዱ ሰዎች ቤቱን ባዶ አገኙት። የቀሩትን ቀለበቶች እንኳ አልወሰዳቸውም።

በሁለተኛው ቀን ድምፁ ደከም ብሎ ነበር። አንጓች ጆሮዋን ቴፑ ላይ ለጥፋ አዳመጠችው። በሦስተኛው ቀን ከዚያም ደከመ፤ ሰልሎ ክር ሆነ። ቀለበቱን በነጠላዋ ወለወለችው። ምናልባት ባትሪ ድንጋዩ አልቆ ይሆናል ብላ አዲስ ከተተች። ካሴቱን መልሳ ስታስገባ ቴፑ ክሩን በላው። ክርር ብሎ ቆመ። ቶሎ ብላ አወጣችው፤ ክሩ ተንዘርጥጦ ወጣ። ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ በእስክሪብቶ ትጠቀልለው ጀመረች።

ድምፁ ግን አልቆመም።

"…ጓች" አለ።

ካሴቱን አየችው። ቴፑን አየችው፤ ሆዱ ተከፍቶ ባዶውን ተቀምጧል። ከሜዳው በኩል ነፋስ መጣ፤ ከነፋሱ ጋር ድምፁ ትንሽ ጎላ አለ።

"እትዬ አንጓች።"

ደምመላሽ በሕይወቱ እትዬ ብሏት አያውቅም።

እንዴት እንደወጣች አታስታውስም። እኔ በመስኮት አየኋት፤ ጨርቅ ያልተሰፋበት ጫማ አድርጋ ትሮጥ ነበር። ኮቴዋ በጸጥታው ውስጥ እንደ ሙቀጫ ይሰማል። ጸጥታ አስከባሪው ሊያስቆማት እጁን አነሳ፤ መጮህ ስለማይችል አለፈችው።

ሜዳው ላይ አህያዋ ገመዷን በጥሳ ከአንድ የተደረመሰ ክዳን አጠገብ ቆማለች። አንጓች በደረቷ ተኝታ ወደ ታች አየች። ጨለማ ነው። "ይነሱ" አለች።

"መጣሽ" አለ ከታች። ድምፁ ከዚያ በላይ አልወጣም።

ያን ጊዜ ተነስታ ወደ ከተማው ዞረች። ያን ያህል ጊዜ ታፍኖ የቆየውን ድምጿን ለቀቀችው። "ሰው ጉድጓድ ገብቷል፤ ገመድ ይዛችሁ ኑ" አለች። ደጋግማ ተጣራች። ከእግሯ ሥር ከተማው በሙሉ ይታያታል፤ ጣሪያው፣ ባዶው መንገድ፣ የተዘጋው በር ሁሉ። አንድም በር አልተከፈተም። መስሚያ ሰዓት ነበር። በኋላ እንደሰማነው በዚያ ሰዓት በብዙ ቤት የሞቱ እናቶች ጮክ ብለው ሲጣሩ ተሰምቷል፤ ምን እንዳሉ በትክክል የለየ የለም፣ ድምፁ ግን እስከዚያ ቀን ከተሰማው ሁሉ የጠራ ነበር።

ማንም እንደማይመጣ ሲገባት የአህያዋን ገመድ ፈታች። ነጠላዋንና መቀነቷን ቀጠለችበት። ይነሱ ብብቱ ሥር አሰረው። ሌላውን ጫፍ አህያዋ አንገት ላይ አድርጋ ጎተተቻት። አህያዋ እንቢ አለች። ለመነቻት፤ እንቢ አለች። በመጨረሻ ጆሮዋን ነከሰቻት። አህያዋ አናፍታ ተፈተለከች፤ ይነሱም እንደ ጆንያ ወጣ።

እግሩ ተሰብሯል። ከጉድጓዱ ወለል ላይ ያቆረ ውሃ ሲልስ ነው የቆየው። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። በአህያዋ ጭና ቤት አገባችው። አዋላጇ መጥታ እግሩን ጠገነችው፤ ጉሮሮውን አየችና ራሷን ነቀነቀች። ድምፁ ከዚያ በኋላ አልተመለሰለትም። የሚያወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው።

በማግስቱ ከሙታኑ የሚጣራ ጠፋ። በዚያ ማግስትም እንዲሁ። ካሴቶቹ የድሮውን ብቻ ይናገራሉ፤ ሽንብራ፣ በሬ፣ የበር ማጠፊያ። ሰዉ በየደጁ ወጥቶ ግራ ተጋብቶ ቆመ። ቀለበቱን ያልወለወለ፣ ያላዞረ የለም። በኋላ ነገሩ ተያያዘላቸው።

አቶ ጓንጉል ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ወደ አንጓች ቤት መጣ። እኔም እናቴን ተከትዬ ገብቼ ነበር። ይነሱ አልጋው ላይ ተጋድሞ ያያቸዋል። ተቀመጡ፤ እግዜር ይማርህ አሉት።

"ወይዘሮ አንጓች" አለ አቶ ጓንጉል፣ "እኛ ክፉ አላሰብንም። ሲሻለው ነው። በመስሚያ ሰዓት ብቻ። ለጉድጓዱ መሰላል እናበጃለን። ፍራሽ እናስገባለን፤ ምግቡ ከእኛ ነው።"

አንጓች ከይነሱ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ጋሽ ጓንጉል" አለች፣ "ሰው መሆኑን አውቃችሁ ነበር?"

አቶ ጓንጉል መሬት መሬት አየ። የጆሮ ሹም ስለሆነ መዋሸት አይችልም። "በሁለተኛው ቀን ጠርጥሬ ነበር" አለ። "ግን ድምፁ እኮ… በጣም ጥሩ ነበር።"

"ያም ሆነ ይህ ድምፅ የለውም" አለች። ተነስታ በሩን ከፈተችላቸው።

እናቴ ይህን ሁሉ በጆሮዋ ሰምታለች። የአባቴን ካሴት ግን አልተወችም።

ትንሽ ቀን ቆይቶ፣ በመስሚያ ሰዓት፣ ከሜዳው በኩል እንደገና የሚጣራ ተሰማ። ከተማው በእፎይታ ተነፈሰ። አንጓች ይነሱን አየችው፤ አልጋው ላይ ነው። ሻርፕ ደርባ ወጣች።

ጉድጓዱ መሰላል ገብቶለታል። አፉ ዙሪያ በድንጋይ ተክቧል። ጎንበስ ስትል ከታች ፍራሽ ላይ የተቀመጠ አንድ ሰው ቀና ብሎ አያት። የአገሩ ሰው አይደለም፤ ከሌላ ቦታ ለሥራ የመጣ ነው። ተገኝ እባላለሁ አላት።

"ወድቀህ ነው?" አለችው።

"ኧረ አይደለም እናቴ፤ ተቀጥሬ ነው።"

"ማንን ነው የምትጣራው?"

"ስም እንዳልጠራ ነግረውኛል። ዝም ብዬ ድምፄን ብቻ አሰማለሁ፤ የሚሰማው ሰው ስሙን ራሱ ይሞላዋል አሉኝ።" ጉሮሮውን ጠረገ። "እናቴ፣ እኔ እዚህ ሆኜ አልለየውም። ከታች ከተማው ሲሰማ እንዴት ነው? ከበፊቱ ይሻላል?"

አንጓች ወደ ከተማው ዞር ብላ አየች። ያው ባዶ መንገድ ነው።

"ልዩነቱ አይሰማኝም" አለችው።

"እኔም ጠርጥሬአለሁ" አለ ሰውየው። ቅር አላለውም። ትንሽ ቆይቶ፣ "የሚቸኩሉበት ከሌለ ትንሽ ይቀመጡ" አላት። "ቀኑ እዚህ አይገፋም።"

ጫማዋን አውልቃ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጠች። የሚያወሩት ሲያጡ ይነሱ እንዴት እንደወጣ ነገረችው። አህያዋን እንዴት እንደለመነቻት፣ እንዴት እንደሰደበቻት፣ በመጨረሻም ጆሮዋን እንዴት እንደነከሰቻት ነገረችው። ሰውየው መጀመሪያ አፉን በእጁ ያዘ። ከዚያ አልቻለም። ሳቁ ከጉድጓዱ ሆድ እየተንከባለለ ወጣ፤ እሷም ከእሱ ጋር ሳቀች። ነፋሱ ሳቁን ይዞት ወረደ።

እኛ ቤት እናቴ ቴፑ አጠገብ ተቀምጣለች። አባቴ በካሴቱ ላይ የሚናገረው ስለ ግብር ነው። በሕይወቱ ሲስቅ አይቼው አላውቅም፤ እሷም አላየችውም። ድንገት እናቴ እጇን አነሳችና ዝም በል አለችኝ። ሁለታችንም ሰማነው። ረጅም ሳቅ ነበር፤ ሲያቆም እንደገና የሚጀምር ዓይነት። ከየጎረቤቱ ሰዎች በጨርቅ ጫማቸው ወደ ደጅ ሲወጡ፣ እርስ በርሳቸው ሲተያዩ በመስኮት አየሁ።

እናቴ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቴፑን ስታየው ቆየችና፣

"ምን አስቆት ይሆን?" አለችኝ።